የጓሮ ኩሬ ማስታወሻ፦ ሐይቅ ከተማ፣ የ2017 በልግ

የካቲት 2

አባቴ ያስቆፈረው ኩሬ ጓሯችን ውስጥ አፉን ከፍቶ ከተቀመጠ ዓመታት ሆነው። በ1995 እና በ1996 ዓ.ም. ገደማ በየገበሬው ጓሮ የውሃ ማሰባሰቢያ ኩሬ ሲቆፈር የተቆፈረ ነው። ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠበብ ያለ፣ ላስቲክ የለበሰ። ላስቲኩ ተበጣጥሶ አለቀ። ጉድጓዱ በደለል፣ በቅጠልና በጫት ገረባ እስከ ግማሹ ሞላ። እማ ልታስደፍነው ነበር። "አንድ በልግ ብቻ ስጪኝ" አልኳት። ዝም አለች። ዝምታዋን እንደ እሺታ ወሰድኩት።

በልግ ሲገባ ከሰፈሩ ቦይ የሚጮኹት እንቁራሪቶች ጓሮዬ ድረስ እንዲመጡልኝ እፈልጋለሁ። ማን እንደመጣ፣ መቼ እንደመጣ፣ ምን እንደበላና ማን እንደበላው እጽፋለሁ።

ልኬት፦ ርዝመት 4 ሜትር፣ ወርድ 3 ሜትር፣ ጥልቀት 1 ሜትር ከ20። መሣሪያ፦ ዶማ፣ አካፋ፣ ባሬላ፣ ሜትር፣ የእጅ ባትሪ። አንድ ሠራተኛ በቀን 450 ብር፣ ለሁለት ቀን 900። ምሳ ከኛ።

የካቲት 3

ደለሉን ስናወጣ ዋልን። አሥር ሰዓት ገደማ ሠራተኛው አካፋውን ጥሎ ወደ ኋላ ዘለለ። እርጥቡ ጭቃ ውስጥ የሆነ ነገር ተንቀሳቅሷል። እጄን ሰደድኩ። ጠፍጣፋ፣ እንደ ሳሙና የምታዳልጥ፣ ዓይኖቿ ወደ ላይ ያፈጠጡ እንቁራሪት።

የኋላ እግሯን ዘርግቼ አየሁ። ከጣቶቿ ሦስቱ ጫፋቸው ላይ ጥቁር ጥፍር አላቸው። ዜኖፐስ ናት፣ ባለ ጥፍሯ የውሃ እንቁራሪት! ምላስ የላትም። ምግቧን ወደ አፏ የምትገፋው በፊት እጆቿ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ውሃ ውስጥ ትኖራለች። ውሃው ሲደርቅባት ጭቃ ውስጥ ገብታ ዝናብ ትጠብቃለች። ይቺ የጠበቀችው እዚሁ፣ እኛ "ደረቅ ጉድጓድ" የምንለው ቦታ ነው። ከነጭቃዋ ባልዲ ውስጥ አስቀመጥኳት።

ማታ ቡና ላይ ለእማ ነገርኳት። የዚች ዘመድ የሆነች የደቡብ አፍሪካ እንቁራሪት፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1930ዎቹ ጀምሮ፣ ለእርግዝና ምርመራ ታገለግል ነበር። የምትመረመረውን ሴት ሽንት እንቁራሪቷን በመርፌ ይወጓታል። ሴቲቱ ካረገዘች እንቁራሪቷ በአንድ ቀን ውስጥ እንቁላል ትጥላለች። እማ ሲኒዋን አስቀመጠች። ባልዲው ላይ ጎንበስ ብላ "አንቺም ሐኪም ነበርሽ?" አለቻት። ለኩሬው ፊት የሰጠችው ያኔ ነው።

የካቲት 10

ስህተት አንድ። ብር ልቆጥብ ብዬ ላስቲኩን ትቼ ወለሉን በዋልካ አፈር ለቀለቅኩት። 6 በርሜል ውሃ ገባበት። የሳንቲ ሜትር ምልክት ያደረግኩበትን ዱላ መሐል ላይ ተከልኩ። ጠዋት ሳየው 8 ሳንቲም ወርዷል። ጠራራ ፀሐይ እንኳ በቀን ከ1 ሳንቲም በላይ አትወስድም፤ ይኼ ደግሞ ሌሊት ነው። ስለዚህ ውሃው የሄደው ወደ ታች ነው።

ዋልካ ውሃ ይይዛል፣ ግን በደንብ ከተረገጠ ነው። እርጥብ ሆኖ፣ በስሱ እየተነጠፈ፣ ንጣፍ በንጣፍ መረገጥ አለበት። እኔ በአካፋ ጀርባ መታ መታ አድርጌ ነው የተውኩት። ከውሃው በላይ የቀረው ደግሞ በሦስት ቀን ተሰነጣጠቀ። ስንጥቁ ጣት ያስገባል።

የካቲት 16

እጅ ሰጠሁ። ያገለገለ ጂኦሜምብሬን፣ ማለትም ወፍራም የኩሬ ላስቲክ፣ ከደሴ በ3,200 ብር ተገዛ። መጓጓዣ 250። አንድ ጋሪ አሸዋ 400። መጀመሪያ የሾሉ ድንጋዮችን በእጄ ለቀምኩ። ከዚያ አሸዋ፣ ከአሸዋው በላይ አሮጌ ጆንያ፣ ከዚያ ላስቲኩ። ጆንያው ላስቲኩን ከሥሩ ካለ ድንጋይ ያድነዋል። ማዕዘኖቹን እንደ ፖስታ አጠፍኳቸው። ጠርዙ ላይ ድንጋይ ደረደርኩ።

የቧንቧውን ውሃ በበርሜል ሁለት ቀን ክፍት አድርጌ አሳደርኩት። ክሎሪኑ እንዲወጣ ነው። እንቁራሪት በቆዳዋ ጭምር ስለምትተነፍስ፣ ውሃው ውስጥ ያለ ብዙ ነገር ሰውነቷ ውስጥ ይገባል።

ዜኖፐሷን ለቀቅኳት። አንዴ ረገጥ አድርጋ ታች ገባች። በነጋታው ዱላውን አየሁ፤ ንቅንቅ አላለም።

የካቲት 24

ረመዷን ሦስተኛ ቀን። ለሱሁር ስንነሳ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይንኳኳል። የበልግ የመጀመሪያው። ወሎ ውስጥ በዚህ ወር ቆርቆሮ ሲንኳኳ ደስ የማይለው ሰው የለም። ከዝናቡ ሥር ሌላ ድምፅ አለ። በሩን ከፈትኩ።

ሁለት ዓይነት ጩኸት ለየሁ። አንደኛው ከሩቅ እንደሚሰማ ወፍጮ ረዘም ያለ ማጉረምረም። እሱ የጉርጥ ነው። ሌላኛው አጠር፣ ሻከር ያለ፣ ደረቅ እንጨት በሞረድ እንደሚፋቅ። እሱ ደግሞ አፍንጫዋ ሾጠጥ፣ እግሯ ረዘም ያለው የሣር እንቁራሪት ነው፤ ፕቲካዴና ይሏታል። በኢትዮጵያ ደጋ ከዚህ ወገን የትም ሌላ አገር የማይገኙ በርከት ያሉ ዝርያዎች አሉ። በዓይን መለየቱ ለባለሙያም ከባድ ነው። እኔ "ባለ ሞረዷ" ብዬ እመዘግባለሁ።

ሁለቱም የሚጮኹት ቦዩ ውስጥ ነው። ከኔ ኩሬ ድምፅ የለም።

መጋቢት 1

ጠዋት የእህቴ ልጅ ጮኸ። "እታበባ! ነይ! እንሽላሊት ሞታለች!"

ሁለት ነበሩ። እንሽላሊቷ ሆዷን ወደ ላይ አድርጋ ተንሳፋለች። ገልብጬ ሳያት ጀርባዋ ላይ ከራስ እስከ ጭራ የወረዱት ሁለት ፈዛዛ መስመሮች ገና አልደበዘዙም። ውሃ ልትጠጣ ወርዳ ይሆናል፤ መውጫ አጣች።

ሁለተኛዋ ጉርጥ ናት። በሕይወት አለች። የላስቲኩን ግድግዳ ይዛ ትዋኛለች። ሁለት እጆቿን ላስቲኩ ላይ ታደርጋለች፣ ትስባለች፣ ትንሸራተታለች። አንድ ስንዝር ወደ ጎን ትሄድና እንደገና ትሞክራለች። ስድስት ጊዜ ቆጠርኩ። በስድስተኛው ራሷ ለአፍታ ውሃ ውስጥ ገባ። በጭልፋ አወጣኋት። መዳፌ ላይ ተቀመጠች። ጉሮሮዋ ቶሎ ቶሎ ይመታል፤ እግሮቿ ግን ተዘርግተው ቀርተዋል፣ ልትሰበስባቸው አልቻለችም።

ስህተት ሁለት፣ ዋናው። ውሃው እንዳይሄድ ሦስት ሳምንት ተጨነቅኩ። ዳሩን አንድ ቀን አላሰብኩትም። ገደላማ ላስቲክ ውሃ የያዘ ወጥመድ ነው። በየሰፈሩ እንዲህ ያሉ ኩሬዎች ነበሩ፤ የኛም ለዓመታት እንዲሁ ነበር። ስንት ነገር ሰጥሞበት ይሆን?

መጋቢት 2–5

ጎረቤታችን ሼሁ በአጥር በኩል ሲያዩኝ ቆይተው "ልጄ፣ ከብት በገደል በኩል ውሃ አይወርድም" አሉ። ያሉትን ነው የሠራሁት።

በምሥራቅ በኩል ያለውን ላስቲክ ወደ ውስጥ ጠቀለልኩ። ዳሩን በዶማ አፍርሼ 1 ሜትር ወደ ውጭ ሲሄድ 30 ሳንቲም ብቻ የሚወርድ ተዳፋት አወጣሁ። ላስቲኩን መልሼ ዘረጋሁ። የላስቲኩ ትርፍ ለዚህ ልክ በቃ፤ ትንሽ ቢያጥር ኖሮ ሌላ መግዛት ነበረብኝ። ላዩ ላይ 12 ጆንያ፣ አንዱን በ25 ብር፣ በመርፌ እየሰፋሁ አለበስኩት። ጥፍርና እግር የሚይዘው ሻካራ ነገር ይፈልጋል። ከጆንያው በላይ አፈር፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ከነሥሩ የተነሣ ሣር፣ ቀጠማ። ቀጠማውን ከሐይቁ ዳር ነው ያመጣሁት። ሥሩን ሦስት ጊዜ አጥቤ ቀንድ አውጣዎቹን አንድ በአንድ ለቅሜያለሁ። የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣ ስለሆነ በዚህ ቸልታ አያስፈልግም። ልጆች ኩሬው ውስጥ እግራቸውን እንዳይነክሩም ከልክያለሁ።

በቀሩት ሦስት ግድግዳዎች ላይ ደግሞ በጆንያ የተጠቀለለ ጣውላ አንዳንድ አጋደምኩ። የሌሊት ዋናተኛ ግድግዳውን ይዞ ሲዞር አንዱ ጋ መድረሱ አይቀርም።

አንድ ዘመዳችን "ቆሮሶ ጨምሩበትና ብሉ" አለ። ሐይቃችን ውስጥ ያለው ቆሮሶ ራሱ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ተጨምሮ የገባ ነው። ዓሣ ለምግብ ጥሩ ነው። ግን ዓሣ ባለበት ትንሽ ኩሬ የእንቁራሪት እንቁላልም ልጅም አይተርፍም። አልጨመርኩም።

መጋቢት 9

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መጣች። ስለ ወባ ነው፣ ልክም ናት። የቆመ ውሃ ትንኝ ያፈራል።

አብረን በነጭ ሳህንና በጭልፋ መረመርን። በ10 ጭልፋ 7 እጭ። ሁሉም ጭራቸውን ከውሃው ገጽ ላይ ሰክተው ራሳቸውን ቁልቁል ዘቅዝቀዋል። እንዲህ የሚንጠለጠለው ኩሌክስ የሚባለው፣ ወባ የማያስተላልፈው ትንኝ ነው። የወባው አኖፊለስ እጭ ከውሃው ገጽ ጋር ጋደም ብሎ ነው የሚተኛው። ልዩነቱን በጣቷ እያሳየች አስተማረችን። ዓርብ ዓርብ 10 ጭልፋ ልንቆጥር፣ አንድ ጋደም ያለ ካየን ልንጠራት ተስማማን።

ብዙ ሰው የእንቁራሪት ልጅ የትንኝ እጭ ይበላል ይላል። አብዛኛው ጭራታም ልጅ የሚፍቀው ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ አልጌ ነው። እጩን የሚጨርሱት በጀርባቸው ተገልብጠው የሚዋኙት ትንንሽ ነፍሳት ናቸው። እነሱ በራሳቸው ክንፍ በሁለት ሳምንት ውስጥ መጡ። ዜኖፐሷም ታግዛለች። የቀጣዮቹ ዓርቦች ቆጠራ፦ 2፣ 0፣ 0።

መጋቢት 14

መጡ! ሌሊት 7 ሰዓት፣ ከዝናብ በኋላ። ሦስት ወንድ ጉርጦች ተዳፋቱ ላይ፣ ግማሽ ሰውነታቸው ውሃ ውስጥ፣ ጉሮሯቸው እንደ ፊኛ ተነፍቶ። አንዲት ሴት፣ ከእነሱ እጥፍ የምታክል፣ በሣሩ መሐል በእርጋታ ወረደች። አንዱ ወንድ ጀርባዋ ላይ ወጥቶ ብብቷን አቀፈ።

ጠዋት ቀጠማው ላይ እንቁላሉ ተጠምጥሟል። ረጅም የዝልግልግ ክር፣ ውስጡ እንደ መቁጠሪያ የተሰደሩ ጥቁር ፍሬዎች። አንዲት ጉርጥ በሺህ የሚቆጠር ነው የምትጥለው። የእህቴን ልጅ እንዳይነካ፣ ከነካም እጁን እንዲታጠብ ነገርኩት። ትልቋ ጉርጥም ከዓይኗ ጀርባ ያሉት እብጠቶች መርዝ አላቸው።

መጋቢት 18

ተፈለፈሉ። ጥቁር፣ ከጤፍ ፍሬ ትንሽ ከፍ ያሉ። የቀጠማው ግንድ ላይ በአፋቸው ተለጥፈዋል። ገና አይዋኙም።

መጋቢት 27

ዒድ ካለፈ በሳምንቱ። ዛሬ ለመጻፍ ከብዶኛል።

ጭራታሞቹ በጅምላ ተንሳፈፉ። በሻይ ማጥለያ 140 ሬሳ አወጣሁ፣ ከዚያ መቁጠር ተውኩ። ውሃውን አሸተትኩ፤ ምንም የለም። የልብስ እጣቢ እንዳይሆን ቦዩን ተከተልኩ፤ ደረቅ ነው። ዜኖፐሷ ደህና ናት፣ አየር ልትስብ ብቅ ትላለች። ትልልቆቹ ምንም ሳይሆኑ ልጆቹ ብቻ ለምን?

መልሱ ተዳፋቱ ላይ ነበር። ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ቡናማ ዱቄት ቀርቷል። የእህቴ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር "ሽሮ ስንፈጭ ነበር" አለ። የፈጩት የብርብራ ፍሬ ነው፤ ዛፉ ኩሬው አናት ላይ ነው ያለው። ሲጨርሱ ድንጋዩን በኩሬው ውሃ አጥበው አስተካክለው አስቀመጡት። ንጹሕ ልጆች ናቸው።

ሼሁ ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እኛ በልጅነታችን በብርብራ ዓሣ እናሰክር ነበር" አሉ። ፍሬው ውስጥ ሮቴኖን የሚባል መርዝ አለ። በስንጥቡ የሚተነፍስን ነገር ክፉኛ ይጎዳል። የእንቁራሪት ልጅ በስንጥብ ይተነፍሳል። ትልቋ ሳንባ አላት፣ ስለዚህ ቶሎ አይጎዳትም።

ልጁ አለቀሰ። አልተቆጣሁትም። ዳሩ ላይ ምን እንደሚወድቅ ማየት የኔ ሥራ ነበር። ግማሹን ውሃ በባልዲ ቀድተን ከኩሬው ርቀን ደፋነው፣ ከጣራ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ሞላንበት። ሮቴኖን ፀሐይና ሙቀት ሲያገኘው በቀናት ውስጥ ይበሰብሳል። ኩሬው ላይ ያጎነበሰውን የብርብራ ቅርንጫፍ ቆረጥን። ከዛሬ ጀምሮ ቆጣሪው እሱ ነው፤ ደብተሩን ሰጠሁት።

ሚያዝያ 6

በልጁ ጽሑፍ፦ "ጥቁሮች፣ ከ200 በላይ አሉ። መቁጠር አይቻልም ይዋኛሉ።"

የተረፉት ተዳፋቱ ላይ፣ ውሃው 5 ሳንቲም በማይሞላበት ቦታ፣ ፀሐይ እየሞቁ ይውላሉ። መሐሉ ቀዝቃዛ ነው፤ ዜኖፐሷም እዚያ አለች፣ ታድናቸዋለች። ላውጣት ይሆን ብዬ ሁለት ቀን አሰብኩ። ተውኳት። ቤቱ ከኛ በፊት የሷ ነው።

ባለ ሞረዷም ጥላለች። እንቁላሏ እንደ ጉርጥ ክር አይሠራም። ውሃው ገጽ ላይ አንድ በአንድ ተበትኖ እንደ ስስ ቅባት ይንሳፈፋል። ጎንበስ ብሎ ከጎን ካላዩት አይታይም።

ወጪ እስከ ዛሬ፦ ሠራተኛ 900፣ ላስቲክና መጓጓዣ 3,450፣ አሸዋ 400፣ ጆንያ 300፣ የባትሪ ድንጋይ 180። ድምር 5,230 ብር።

ሚያዝያ 19

ሊመሽ ሲል ቀጭን አረንጓዴ እባብ በቀጠማው መሐል ወረደ። ተዳፋቱ ላይ ጉርጧ ነበረች። ከሦስት እርምጃ ላይ ደርቄ ቀረሁ።

ጉርጧ አልሸሸችም። በአራት እግሯ ቆመች። ሆዷ ከመሬት ተነሣ። አየር ሳበች፣ ሳበች፣ ጎኖቿ ተወጥረው እጥፍ አከለች። ራሷን ደፋ አድርጋ ጀርባዋን ለእባቡ ሰጠች። እባቡ ምላሱን እያወጣ ዙሪያዋን ዞረ። አንዴ በአፍንጫው ነካት። እሷ ይበልጥ ተነፋች። አራት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሄደ።

"እንቁራሪት ዝሆን አክል ብላ ተሰንጥቃ ሞተች" እያልን ነው ያደግነው። የዛሬዋ ግን ተነፍታ ነው የዳነችው።

የጎረቤት ወጣት ዱላ ይዞ መጣ። ለመንኩት፣ ተወው። እውነቱን ለመናገር ፍርሃቱ ይገባኛል። አገራችን ውስጥ እፉኝት አለ፣ እፉኝት ቀልድ አያውቅም። አረንጓዴ እባብም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ስለዚህ ሕግ አወጣን። ማታ ያለ ባትሪና ያለ ቦቲ ወደ ኩሬው አይኬድም። እባብ በእጅም በዱላም አይነካም። የማገዶ ክምሩንም 10 ሜትር አራቅነው፤ እፉኝት የሚወደው እንዲህ ያለ መደበቂያ ነው።

ሚያዝያ 28

የኋላ እግር አወጡ። ቅንጭቡ አጥር ላይ እስስት ተገኘች፤ ውሃ ስረጭ ከቅርንጫፉ ላይ ጠብታ በጠብታ ላሰች። ሰው ስለሚፈራት ለማንም አልተናገርንም።

ግንቦት 8

ከአስር ሶላት በኋላ ደህና ዝናብ ጣለ። ሲመሽ ተዳፋቱ ተንቀሳቀሰ። መጀመሪያ ጠጠሩ የተንከባለለ መስሎኝ ነበር። ጉርጦቹ ናቸው። አንዷ ሽምብራ አታክልም። አንዳንዶቹ ገና የጭራ ጉማጅ አላቸው። ጭራው ተቆርጦ አይወድቅም፤ ሰውነታቸው ነው መልሶ የሚመጠው። አፍ ሲለወጥ መብላት ስለማይችሉ እነዚያን ቀናት የሚኖሩት በሱ ነው።

አንዷን በባትሪ ተከተልኳት። ጆንያው ላይ ወጣች፣ ክሩን ያዘች፣ ተሳበች፣ አረፈች። ከጆንያው ወደ አፈሩ አንድ ጣት የማይሞላ ደረጃ አለ። ሁለቴ ወደቀች። በሦስተኛው ወጥታ ሣሩ ውስጥ ጠፋች። ነገ ያንን ደረጃ በአፈር እሞላዋለሁ።

63 ቆጥረን ባትሪው ደከመ። የሚያስጨንቀኝ ዶሮዎቹ ናቸው። ማምሻውን ወደ ቆጥ ሳይወጡ በፊት ቀድመው የወጡትን ሲለቅሙ አይቻለሁ። ለእማ ነገርኳት። "ዶሮ ደግሞ ይታሰራል እንዴ?" ብላ ገባች።

ግንቦት 9

ከፈጅር በኋላ ወጣሁ። ጓሮው ውስጥ ዶሮ የለም። ሦስቱም በእንቅብ ተደፍተዋል፣ እንቅቡ ላይ ድንጋይ ተጭኗል።

እማ ኩሬው ዳር ቁጢጥ ብላለች። ነጠላዋን ወደ ላይ ሰብስባ ይዛዋለች፣ ጫፉ መሬት እንዳይነካ። ስጠጋ ቀና ሳትል እጇን ዘረጋችብኝ።

"ቁሚ እዚያው። እግርሽ ሥር አለች።"